ላፕቶፑን ከማን እንግዛ? ከጎንደር የአንድ ግዢ ሙሉ ታሪክ

እህቴ ዕቁብ የደረሳት ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር 2017 ነው። እጇ የገባው 48 ሺህ ብር ነበር። ገንዘቡ ገና ሳይቆጠር ሥራው ታውቋል። የመጀመሪያ ልጇ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት ላይ ነበረች። ሦስት ዓመት ተኩል በጓደኞቿ ላፕቶፕ፣ በላይብረሪ ኮምፒውተርና በስልኳ ስትማር ቆይታለች። የመመረቂያ ጽሑፍ ሲመጣ ግን በውሰት የሚገፋ አልሆነም። «እባክህ ወንድሜ፣ አንተ አብረሃት ዙርልኝ። እኔ የዚህን ነገር መግቢያ መውጫውን አላውቀውም» አለችኝ።

እኔም ባለሙያ አይደለሁም። ቢሮ የምሠራ ሰው ነኝ። ግን በዚህ ነገር አንድ ጊዜ ክፉኛ ተጎድቻለሁ። በዚህኛው ግዢ የመራን ያ ጉዳት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

የ2015ቱ ላፕቶፕ

በ2015 ለራሴ ላፕቶፕ ስፈልግ አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ በቴሌግራም አገኘሁ። ፎቶው ያምራል። ዋጋው ጎንደር ከጠየቅኋቸው ሁሉ ያንሳል። ብሩን በባንክ አስገባሁለት፣ ዕቃው በአውቶቡስ መጣልኝ። 19 ቀን ሠራ። በ20ኛው ቀን ማብሪያውን ስጫን ድምፅም የለ፣ መብራትም የለ።

ደወልኩ። «ችግር የለም፣ ላከው» አለኝ። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰው ፈልጌ ላክሁለት። ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ሳምንት «ነገ» ብቻ ነው። ነገ ባለሙያው ይገባል። ነገ መለዋወጫው ይመጣል። ነገ እልከዋለሁ። በመጨረሻ ተመለሰ፣ ይበራልም። ግን 8 ጊጋ የነበረው ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) 4 ሆኗል። ይኼን ስነግረው ስልክ ማንሳት አቆመ።

ማስረጃ ይሆነኛል ያልኩት የቴሌግራም ንግግራችን ነበር። ከፍቼ ሳየው ባዶ ነው። ቴሌግራም ላይ አንደኛው ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት እንደሚችል ያን ቀን አወቅሁ። ደረሰኝ አልተቀበልኩም። የባንኩ ወረቀት ብር መላኬን እንጂ ምን እንደገዛሁ አይናገርም። ራሙ ስንት እንደነበረ የሚመሰክርልኝ አንድም ነገር በእጄ አልቀረም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ተቀምጧል። ላፕቶፕ ዕቃ ነው፣ ይበላሻል። በተበላሸ ቀን የማንን በር ነው የማንኳኳው? ስለዚህ ለእህቴ ልጅ «መጀመሪያ ሻጭ እንመርጣለን፣ ላፕቶፑን ከዚያ ቀጥለን» አልኳት። እሷ ስልኳ በላፕቶፕ ፎቶ ተሞልቶ ዐይን አዋጅ ሆኖባት ነበር። ስትሰማኝ ቅር አላት። ቢሆንም እሺ አለች።

ምን ያህል ማሽን ያስፈልጋታል?

ሥራዋ ጽሑፍ መጻፍ፣ ሰንጠረዥ መሥራትና መጠይቅ ሰብስቦ መተንተን ነው። ለዚህ 8 ጊጋ ራምና ፋይል የሚቀመጥበት 256 ጊጋ ኤስኤስዲ በቂ ነው። የድሮውን ዓይነት ማስቀመጫ፣ ሃርድ ዲስክ ያለውን፣ ከመጀመሪያው ተውነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ቀርፋፋ ነው፣ ሲወድቅም ቶሎ ይጎዳል።

ብዙ ጊዜ የፈጀብን የጀነሬሽን፣ ማለትም የፕሮሰሰሩ (የማሽኑ አንጎል) ትውልድ ነገር ነው። ማስታወቂያው ሁሉ «ኮር አይ 5» ብሎ ያቆማል። ኮር አይ 5 ግን የኢንቴል ኩባንያ ፕሮሰሰር ከአሥር ዓመት በላይ ሲጠራበት የቆየ ስም ነው። ዋናው ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። በ7 ከጀመረ፣ ለምሳሌ 7200 ወይም 7300 ከሆነ፣ ሰባተኛ ጀነሬሽን ነው። 8250 ወይም 8350 ከሆነ ስምንተኛ ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን ሲያወጣ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ማሽኖች አልተቀበለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ (ነጻ የደኅንነት ማሻሻያው) ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 እንደሚያበቃ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። እኛ ገበያ ስንዞር ለዚያ ቀን ዘጠኝ ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። ሰባተኛ ጀነሬሽን የገዛ ተማሪ ገዝቶ ዓመት ሳይሞላው ሊያረጅበት ነው ማለት ነው፤ ማሽኑ እየሠራ እንኳ።

ይኼን ማወቋ ልጅቷን በጣም ጠቀማት። የኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ 4 እና ጂ 5 ስም በአንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚለያየው። ጂ 5 አብዛኛው ስምንተኛ ነው፣ ሁሉም ግን አይደለም። ስለዚህ ሞዴሉን ሰምታ ዝም አትልም። «የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ላኩልኝ» ትላለች። ይኼን ስትጠይቅ ሁለት ሻጮች መልስ ሳይሰጧት ቀሩ። እኛም ተውናቸው።

አዲስ ማሽን በዚያ ገንዘብ የሚታሰብ አልነበረም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ በግማሽ ዓመት ውስጥ ይፋዊው የዶላር ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከ120 ብር አልፏል። ላፕቶፕ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ ዩዝድ ነው የምንፈልገው። ዩዝድ ሲባል ሰው አፍንጫውን ይነፋል፣ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ኤሊትቡክ፣ የዴል ላቲቲዩድና የሌኖቮ ቲንክፓድ ለድርጅት ሠራተኞች የሚሠሩ ናቸው። ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች የተወሰኑ ዓመታት ተጠቅመውባቸው በጅምላ ያስወግዷቸዋል። ብዙዎቹ በዱባይ በኩል እኛ ጋ ይደርሳሉ። ለመፍታት ይመቻሉ። ገበያው ላይ ስለበዙም ኪቦርድና ባትሪያቸው አይጠፋም። ለእኔ ከቀጭኑና ከሚያብረቀርቀው አዲስ ማሽን ይልቅ ይኼ ይሻላል።

ሦስት ሻጭ፣ ሦስት ጥያቄ

ለሁሉም አንድ ዓይነት ሦስት ጥያቄ ይዘን ነው የሄድነው። ቢበላሽ የሚከፍተው ማን ነው? ስንት ቀን ይፈጃል? የምትሉትን በወረቀት ትጽፉልናላችሁ ወይ?

መጀመሪያ አዲስ አበባ ያለ ሻጭ ነበር። 840 ጂ 5፣ ስምንተኛ ጀነሬሽን፣ 39,500 ብር። የማጓጓዣውን 500 ብር እኛ ነን የምንችለው። የፕሮሰሰሩን ቁጥር ስትጠይቀው ወዲያው ፎቶ አንስቶ ላከላት። በዚያ አመሰገንኩት። «አንድ ዓመት ዋራንቲ አለው» አለ። የሚከፍተው ማን ነው? የራሳቸው ቴክኒሻን። ስንት ቀን? «እንደ ብልሽቱ ነው።» መላኪያና መመለሻውስ? በእኛ ወጪ። ወረቀትስ? «እዚሁ ቴሌግራም ላይ ጽፌላችኋለሁ እኮ።» ይኼ ሰው አታላይ ነው አልልም። አዲስ አበባ ብኖር ኖሮ ሄጄ አይቼ ልገዛው እችል ነበር። ጎንደር ለተቀመጠ ሰው ግን አንድ ዓመቱ ዋራንቲ በየጊዜው 700 ኪሎ ሜትር መንገድ ይለምናል። መንገዱ ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነበር።

ሁለተኛው እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ያለ ሱቅ ነው። መስታወቱ የጠራ፣ መብራቱ የደመቀ። ልጁ በፈገግታ ተቀበለን። ያው ሞዴል፣ ከነካርቶኑ። «ፓክድ ነው፣ እጅ አልነካውም» አለ። ላፕቶፑን ገልብጬ ከሥሩ ያለውን ሴሪያል ቁጥር በስልኬ አነሳሁ። ኤችፒ ድረ ገጹ ላይ ሴሪያሉን ስታስገባ የማሽኑ ዋራንቲ መቼ እንደጀመረና መቼ እንደሚያበቃ ያሳያል። እዚያው ቆመን አስገባን። በ2019 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2022 አብቅቷል። ስልኩን ለልጁ አሳየሁት። «ሲስተሙ ተሳስቶ ይሆናል» አለኝ። ማሽኑ ንጹሕ ነበር፤ ዩዝድ ነው ብሎ ቢሸጥልን ቅር አይለንም ነበር። ያስቀየመን አዲስ ነው መባሉ ነው።

ዋጋ ስንጠይቅ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አለን። ያለ ደረሰኝ 46,500 ብር። በደረሰኝ ሲሆን ቫት 15 በመቶ ተጨምሮ 53,475 ብር። የእህቴ ዕቁብ አይደርስበትም። ዋራንቲውስ? «እኛ ሁሌም እዚህ ነን፣ ችግር ካለ ብቅ በሉ።» ከጀርባው ግድግዳ ላይ በትልቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። ልጅቷ ጽሑፉን አየችና ወደ እኔ ዞረች። ተሰናብተን ወጣን።

እህቴ «ውጭ ያለው ዘመዳችን ሲመጣ ይዞላት አይመጣም?» ብላም ነበር። መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ከዚህ በላይ አላሰብንበትም።

ሦስተኛውን ያገኘነው በማስታወቂያ አይደለም። ልጅቷ ናት ዘዴውን ያመጣችው። «አጎቴ፣ ፕሪንት ቤቶቹ ማሽናቸው ሲበላሽ ማን ጋ ይወስዳሉ?» አለችኝ። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ፕሪንትና ፎቶ ኮፒ ቤት ማለት ኮምፒውተሩ ለአንድ ቀን ከቆመ የዕለት ጉርሱ የሚቆም ሰው ነው። ደካማ ጠጋኝ ጋ ሁለቴ አይሄድም። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ሦስት ፕሪንት ቤት ገብተን ጠየቅን። ሁለቱ ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ ነገሩን፤ ከፒያሳ ወደ አራዳ በኩል፣ ዋናውን መንገድ ለቅቆ ያለ ጠባብ ቤት።

ቤቱ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ያለው ላፕቶፕ ስድስት ብቻ ነበር። ቦታውን የያዘው የጥገናው ጠረጴዛ ነው። ባለቤቱ ሠላሳ ዓመት አካባቢ የሚሆን ወጣት ነው። አንድ ማሽን ፈትቶ አጎንብሷል። አጠገቡ የእንቁላል ካርቶን አለ። ከእያንዳንዱ ቦታ የፈታውን ብሎን በየጉድጓዱ ለይቶ ያስቀምጣል። ዳርና ዳሩ ላይ በእስክሪብቶ «ባትሪ»፣ «ማጠፊያ»፣ «ፋን» ብሎ ጽፎበታል። ሲገጥም ከየጉድጓዱ እያነሳ በካቻቪቴ ያጠብቃል። መጨረሻ ላይ ካርቶኑ ባዶ ሆነ። አንድ ብሎን አልተረፈም። ልቤ ያን ጊዜ ወደ እሱ አደላ።

40 ደቂቃ ጠበቅን። በመሃል አንድ ተማሪ ማዘርቦርዱ (ዋናው የውስጥ ሰሌዳው) የተቃጠለ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። «ወንድሜ፣ ይኼን መጠገን አያዋጣህም። ራሙና ስክሪኑ ደህና ነው፣ እነሱን ሸጠህ ጨምርበት» አለው። ገንዘብ ሊቀበልበት የሚችለውን ሥራ እያየሁ መለሰ።

ተራችን ሲደርስ 840 ጂ 5 አወጣልን። ሳንጠይቀው የጀርባውን ክዳን ከፈተው። «ጋሼ፣ ይኼውልዎት፣ ራሙ ይኼ ነው፣ ኤስኤስዲው ይኼ» አለኝ። ዘግቶ አበራው። ገና ሲነሳ ኤፍ 10 ተጫነና ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ገባ። ከድርጅት የወጡ ማሽኖች አንዳንዴ ባዮሳቸው በፓስወርድ ተቆልፎ ይቀራል፤ ይኼ ክፍት ነው። ቀጥሎ የባትሪ ሪፖርት አወጣ። ይኼ ዊንዶውስ ራሱ የሚሠራው ዝርዝር ነው። ባትሪው ሲሠራ ወደ 50 ዋት ሰዓት ይይዝ ነበር፣ አሁን ሙሉ ሲሞላ የሚይዘው 33 ነው። ልጅቷን እያየ «እህቴ፣ ባትሪው ደክሟል። ለጽሑፍ ብቻ ብትጠቀሚበት ሦስት ሰዓት አይሞላም። ለባትሪ ዋራንቲ አልሰጥም» አላት። የዕቃውን ጉድለት ከሻጩ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

የሚከፍተው ራሱ ነው። ስንት ቀን? «መለዋወጫው እጄ ላይ ካለ በዚያው ቀን። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ መንገዱ ያውቃል፣ ቃል አልገባም። የቆየ እንደሆነ ግን የምትሠራበት አሮጌ ማሽን አውሳታለሁ።» ወረቀትስ? ከመሳቢያው ካርቦን ያለው ጥራዝ አወጣ። 44,500 አለ፤ ተከራክረን በደረሰኝ 43,500 ብር ተስማማን። «ነገ እንመለሳለን» ብለን ወጣን።

ቡና ላይ የተነሳው ክርክር

ማታ ቡና እየተፈላ ለእህቴ ነገርናት። ወዲያው አሰላችው። «የአዲስ አበባው ከነማጓጓዣው 40 ሺህ። ይኼኛው 43,500። ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር ሜዳ ላይ ወድቆ ነው እንዴ የሚገኘው? ዋራንቲውም የዚያኛው አንድ ዓመት፣ የዚህ ስድስት ወር።» ልክ ናት። ያንን ገንዘብ በየሳምንቱ ቆጥራ ዕቁብ ያስገባችው እሷ ናት። በቀላሉ የሚታለፍ ክርክር አልነበረም።

እኔም የራሴን የ2015 ታሪክ አወራሁላት። አምስት ሳምንት ያለ ማሽን መቆየት ለእኔ መቸገር ብቻ ነበር። ለሚመረቅ ተማሪ አምስት ሳምንት ማለት የጽሑፉ ጊዜ አለቀ ማለት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ቢበላሽ፣ መላኪያው፣ መመለሻው፣ ስልኩ፣ ሰው መለማመጡ ሦስት ሺውን ይበላዋል። ደጅ ጥናቱን ደግሞ በብር አልተመንኩትም።

የቆረጠችው ልጅቷ ናት። «እማዬ፣ ማራኪ ግቢ ሆኜ በአንድ ባጃጅ የምደርስበት ይሻለኛል» አለች። እህቴ ሲኒዋን አስቀምጣ «እንግዲያው ወረቀቱን አጥብቀሽ ያዢ» አለቻት።

ጥር 24 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ገዛን። ወረቀቱ ላይ የማሽኑ ሴሪያል፣ የራሙ ሴሪያል፣ የኤስኤስዲው ሴሪያል ተጽፏል። እኔ በ2015 ያጣሁት ይኼ ነው። ራም ቢቀየር በዚያ ቁጥር ይታወቃል። ከሥር አምስት መስመር አለ፤ ስድስት ወር፤ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲና ኪቦርድ ይካተታሉ፤ ባትሪ አይካተትም፤ ውኃ፣ መውደቅና የመብራት ኃይል ያደረሰው ጉዳት አይካተትም፤ ያለዚህ ወረቀት ጥያቄ አይስተናገድም። ማህተምና ፊርማ። ከደረሰኙ ጋር በስልክ አነሳነው። ከዕቁቡ 4,500 ብር ተረፈ።

አሥራ አምስቱ ቀን

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል ይላል። ሻጭ ደረሰኝ እንዲሰጥም ያስገድዳል። ከዚያ በፊት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይፈልጋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ግድግዳ ላይ ያለ ጽሑፍ ነው። ሱቁ ለጉድለት የሚገዛው በአዋጁ ነው። ግን ይኼን መብት ለመጠየቅ የሚያስፈልገው ያው ደረሰኝ ነው። ያለ ደረሰኝ ርካሽ የገዛ ሰው 15ቱን ቀን አብሮ ሸጦታል።

ስለዚህ ልጅቷን «በእነዚህ 15 ቀናት አታሳርፊው» አልኳት። ሁሉንም ቀዳዳ ሞከረች። ዩኤስቢውን፣ ካሜራውን፣ የጆሮ ማዳመጫውን፣ ዋይፋዩን። ቀኑን ሙሉ ጻፈችበት። በ11ኛው ቀን «ኤች» የምትለዋ ፊደል እምቢ አለች። «ሀገር» ብላ ስትጽፍ «አገር» ሆኖ ይወጣል። ለሌላ ሰው ምንም አይመስልም። እሷ ግን ስለ ጤና ነው የምትጽፈው። «ሕክምና» እና «ሕመም» የሌለበት ገጽ የላትም።

የካቲት 5 ቀን ጠዋት ይዛው ሄደች። ተነፋፍቶ ተሞከረ፣ አልሆነም። ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ሌላ ኪቦርድ ገጥሞ ሰጣት። ገንዘብ አልጠየቃትም። ወረቀቱ ጀርባ ላይ ቀኑንና «ኪቦርድ ተቀየረ» የሚለውን ጽፎ ፈረመ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት። እኔ አምስት ሳምንት የጠበቅሁበት ዓይነት ጉዳይ ማለት ነው።

የተጣላንበት ቀን

ሁሉ ነገር መልካም ነበር ብዬ አልዋሽም። ሚያዝያ ላይ አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል መጣ። የጎረቤት አምፖል ፈነዳ። ቻርጀሩም ተቃጠለ። እኔ ነኝ ይዤው የሄድኩት። ሻጫችን ቻርጀሩን አሸተተና «ጋሼ፣ ይኼ መብራት ያቃጠለው ነው፣ ዋራንቲ ውስጥ አይገባም» አለኝ። ተናደድኩ። ገና ሦስት ወር አልሞላው። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። እሱ አልመለሰልኝም። ወረቀቱን ብቻ ጠየቀኝ፣ አራተኛው መስመር ላይ ጣቱን አደረገ።

ተጽፏል። ፈርሜበታለሁ። እሱ ልክ ነበር፣ እኔ ተሳስቻለሁ። 65 ዋት ዩዝድ ቻርጀር በ1,200 ብር ሰጠኝ። ይቅርታ ጠይቄው ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ቤት አንድ ሥርዓት አለ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሰው ከሶኬት ይነቅላል። ተመልሶ እስኪረጋጋም አይሰካም። ላፕቶፑ እስከዚያ በባትሪው ይሠራል። ጎንደር የሚኖር ሰው ይኼን ዛሬውኑ ቢጀምር ይጠቅመዋል።

ከዚያ ሁሉ በላይ ግን የፈተነን ሰኔ ላይ የመጣው ነው። ጽሑፉ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ላፕቶፑ አልነሳም አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ ማስነሻ ዲስክ የለም የሚል ጽሑፍ ብቻ። ልጅቷ እያለቀሰች ደወለችልኝ። አብረን ሄድን። ኤስኤስዲውን አውጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ሰካው። አልታየም። ሌላ ላይ ሰካው። አልታየም። እስከ ምሽት 1 ሰዓት ድረስ ሞከረ። «እህቴ፣ ዕቃውን እቀይርልሻለሁ። ውስጡ ያለውን ግን መመለስ አልቻልኩም» አላት።

ሦስቱን ምዕራፍ ለራሷ ቴሌግራም ላይ ልካ አስቀምጣቸው ነበር። አራተኛው የለም። ያንን አማካሪዋ በእስክሪብቶ አርመው ከሰጧት የታተመ ወረቀት ላይ እያየች እንደገና መታችው። ሦስት ሌሊት ወሰደባት። ጥሩ ሻጭ ዕቃ ይተካል እንጂ የጠፋ ጽሑፍ አይተካም። በየቀኑ አንድ ቅጂ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ የራሷ ሥራ ነበር፤ አሁን ማታ ማታ ቅጂውን ሳታስቀምጥ አትተኛም።

ተመሳሳይ ኤስኤስዲ እጁ ላይ አልነበረም። ከአዲስ አበባ አዘዘ። መንገዱ ስለዘጋ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ግን በዚያው ምሽት ያለውን አደረገ። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ከባድ አሮጌ ላፕቶፕ አወጣ። ባትሪው የሞተ ነው፣ ካልተሰካ አይሠራም። ጽሑፍ ግን ይጽፋል። «ማሽንሽ እስኪመጣ ይኼ አንቺ ጋ ይሁን» አላት። መያዣ አልጠየቀም። አራተኛው ምዕራፍ የተጻፈው በዚያ ማሽን ነው። ጽሑፉም በቀኑ ገባ።

በአሥረኛው ቀን አዲሱ ኤስኤስዲ ተገጠመ። የድሮው ሴሪያል በአንድ መስመር ተሰረዘ፣ የአዲሱ ከጎኑ ተጻፈ። እህቴ ያን ዕለት ዳቦ ጋግራ ላከችለት። ስለ ሦስት ሺህ አምስት መቶው ብር ከዚያ ወዲህ አንስታ አታውቅም።

ልጅቷ ሐምሌ ላይ ተመረቀች። የስድስት ወሩ ዋራንቲ ሐምሌ 24 ቀን አበቃ። ኅዳር 2018 ላይ ያ የደከመ ባትሪ ከአንድ ሰዓት በላይ አልይዝ ሲል፣ ከዕቁቡ በተረፈው ብር የራሷን ደመወዝ ጨምራ እዚያው ሄዳ አዲስ አስገጠመች። ዊንዶውስ 11ንም በዚያው ጫነላት። ለባትሪው የሦስት ወር ሌላ ወረቀት ጻፈላት፣ ሴሪያሉ ከነቁጥሩ። ሁለቱን ወረቀት እህቴ ተቀብላ ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጣቸዋለች።